ጨው የጠጣ ብረት

ባለፈው ሰሞን ስልኬ ውሃ ገብቶበት መሳለሚያ አንድ ሞባይል ጠጋኝ ጋ ወሰድኩት። ልጁ የስልኩን ሆድ ከፍቶ፣ መበየጃውን አግሎ፣ ጫፉን ቢጫ ሙጫ ላይ ጫር ሲያደርገው ቀጭን ጢስ ተነሳ። ሽታው አፍንጫዬ እንደደረሰ ሁለት እጆቼ ከባንኮኒው ተነስተው ጀርባዬ ላይ ተቆላለፉ። እኔ አላዘዝኳቸውም፤ ራሳቸው ናቸው የሄዱት። ልጁ ቀና ብሎ አየኝና "እህቴ፣ ምነው? አልነክስሽም እኮ!" አለኝ።

ምን ብዬ ላስረዳው? የሁለት ልጆች እናት ሆኜ እንኳ የእጆቼ አዛዥ አያቴ ናቸው። ያ ሽታ ባለበት ሁሉ የአባባ ድምፅ አለ፦ "ሰሚራ! እጅሽን ሰብስቢ!"

አባባ የአባቴ አባት ናቸው፤ ሰፈሩ ጋሽ ሰይድ ይላቸው ነበር። ከወሎ፣ ከሐይቅ መጥተው መርካቶ ውስጥ ክርና ቁልፍ ሲሸጡ ሸበቱ፤ ከዚያ ሱቁን ለአባቴ አስረክበው ቤት ቁጭ አሉ። "ቁጭ አሉ" ማለቴን እናቴ እንዳትሰማ። ቁጭ ያለ ሰው እንዲህ ቤት አያተራምስም ባይ ናት። አባባ በጉብዝናቸው ወራት ለጥቂት ጊዜ አንድ ራዲዮ ቤት ተቀጥረው ነበር፤ ያቺን ጥቂት ጊዜ ግን ዕድሜ ልክ ሲያወሯት ኖሩ። ጡረታ ሲወጡ ያደረባቸው አባዜ አምፕሊፋየር መሥራት ነው፤ ያውም ቫልቭ የሚሏቸው፣ ድሮ ራዲዮ ውስጥ ቀላ ብለው የሚበሩ የብርጭቆ አምፖሎች ያሉበትን። ጉልበቱ ሁለት ዋት ብቻ።

ዕቃውን የሚያቀርቡላቸው ጋሽ ከድር የሚባሉ የስልጤ ሰው ናቸው። ምናለሽ ተራ፣ ማለትም ሌላው የጣለው ሁሉ ዳግም ዋጋ በሚያገኝበት የመርካቶ ጥግ፣ ሽቦና ብረታ ብረት ይሸጣሉ። እሳቸው ራሳቸው እየሸጡላቸው ይስቁባቸዋል።

"ጋሽ ሰይድ፣ በአላህ፣ ሁለት ዋት ምን ያደርግልዎታል? ትንኝም ከዚህ ትጮሃለች።"

"ጩኸት የፈለገ ደጅ ይውጣ፤ መርካቶ አለለት" ይላሉ አባባ። "እኔ የምፈልገው ሹክሹክታ ነው።"

ደጁማ አላሳፈራቸውም። ፊት ለፊታችን ያለው ካሴት ቤት ስፒከሩን ሲለቀው የኛ ጣሪያ ቆርቆሮ አብሮ ይንቀጠቀጣል፤ እናቴ ድስቱን በአንድ እጇ ይዛ ነው ወጥ የምታማስለው።

ሹክሹክታው ምን መሰላችሁ፣ አንድ ካሴት ነው። በነጭ ጨርቅ ተጠቅልሎ የሻይ ቅጠል ጣሳ ውስጥ ይቀመጣል። አባባ ትዳር ይዘው፣ ጺም አውጥተው ሳሉ መቅረጫ ከነባለቤቱ ተውሰው ሐይቅ ድረስ ሄደው የእናታቸውን መንዙማ የቀዱበት ነው። እናታቸው ግን "እንግዳ ወንድ በተቀመጠበት ድምፄን አላወጣም" ብለው ከመጋረጃ ጀርባ ሆነው አዜሙ። እናም ድምፃቸው ካሴቱ ላይ ያለው እንዲያው ለአመል ነው። ባጫወቱበት ቴፕ ሁሉ ሹሹታና እምምታ ይውጠዋል። ካሴቱ ደግሞ አርጅቶ፣ ተበጥሶ፣ ተለጣጥፎ ነበር። ጋሽ ከድር ክሩን ብርሃን ላይ ገልበጥ ገልበጥ አድርገው አዩና "ይሄ ከእንግዲህ አንዴ ይጫወታል። ለሁለተኛው ዋስ አልሆንም" አሉ።

ያቺን አንዴ አባባ ለእህታቸው አስቀመጧት። ታላቅ እህታቸውን እታለም ይሏቸዋል፤ ሐይቅ ነው የሚኖሩት። ዓይናቸው እየጠፋ ስለነበር በዚያው በጋ ለሕክምና አዲስ አበባ ሊመጡ ቀጠሮ ተይዞላቸዋል። "ዓይኗ ሄደ" ይሉ ነበር አባባ። "ጆሮዋ ሳይከተለው የእምዬን ድምፅ ላሰማት አለብኝ።" ለዚህ ነው እንግዲህ ያ ሁሉ ሽቦ፣ ያ ሁሉ ብየዳ፣ ያ ሁሉ "እጅሽን ሰብስቢ"።

የማሽኑ ገላ ከምን እንደተሠራ ልንገራችሁ። እናቴ ለዒድ ዳቦ የምትጋግርበት ትሪ ነበራት፤ ወፍራም፣ ድንቅ ትሪ። አንድ ቀን ስትፈልገው አራት ትልልቅ ቀዳዳና ቁጥር የሌለው ትንንሽ ቀዳዳ ኖሮት አባባ ጠረጴዛ ላይ ተደፍቶ አገኘችው።

"አባባ!" አለች፤ ከዚያ ወዲያ አማት ናቸውና ቃል አጠራት።

"ትሪሽ ትምህርት ገባ በይ" አሏት አባባ፣ ከመነጽራቸው ሥር እያዩዋት።

ከዚያ ጀምሮ አባባ "ዛሬ ትንሽ አሻሻልኩት" ሲሉ እናቴ ወዲያው ማጀት ገብታ ዕቃዋን ትቆጥራለች። ጭልፋዋ የመዳብ ሽቦ መጠምጠሚያ ሆነ፤ የቅመም ማስቀመጫዋ ጣሳ የትራንስፎርመሩ ክዳን ሆነ። ትራንስፎርመሩ ሲሞቅ ቤቱ ኮረሪማ ኮረሪማ ይላል።

እኔ ያኔ ስምንት ዓመቴ ነው። ትምህርት ቤት ፈረቃዬ ከሰዓት ስለነበር ጠዋት ጠዋት የአባባ ሎሌ ነኝ። አንድ ማለዳ ለሙከራ የተለኮሱት አምፖሎች ቀላ ብለው ሲበሩ ባይ፣ መብራት ሲጠፋ የምናበራት ኩራዝ ትዝ አለችኝና፣ ነግቷል ጋዝ ለምን ይባክናል ብዬ እፍ አልኩባቸው። አልጠፉም። አስጠግቼ ደግሜ እፍ ልል ስል አባባ "እጅሽን!" ብለው ጮሁ። የተጠጋው አፌ ነው፤ እጄን ነው የተቆጡት።

ሌላም ነገር አለ። አባባ ማሽኑ እየበራ ውስጡን ሲነካኩ ግራ እጃቸውን ሁልጊዜ ኪሳቸው ይከቱታል። ለካ ኤሌክትሪኩ ከያዛቸው ከእጅ ወደ እጅ በልብ በኩል እንዳያልፍ ነው። እኔ ግን ጨዋነት መሰለኝ። የተከበረ ሰው ሥራ ሲሠራ አንድ እጁን ኪስ ይከታል አልኩና ትምህርት ቤትም ግራ እጄን ኪሴ ከትቼ መጻፍ ጀመርኩ። ደብተሬ እየሸሸኝ መስመሩ ሁሉ ተራራ ሲወጣ አስተማሪያችን "እጅሽን ምን ነካው?" አለችኝ። "ጨዋ ነኝ" አልኳት። ከክፍል አስወጣችኝ።

ማሽኑ ተሠርቶ አለቀና አባባ "ቢስሚላህ" ብለው ለኮሱት። ስፒከሩ "እምምምምም" አለ። ከማሽኑ ጋር ባያያዙት ማጫወቻ ሌላ ካሴት አስገቡ፤ ከዜማው እኩል እምምታው ይሰማል። ሊናገር ፈልጎ አፉን ያፈኑት ሰው ነው የሚመስለው። አባባ ትራንስፎርመሩን አዞሩት፤ እምም። ሽቦውን አሳጠሩ፤ እምም። ኮንደንሰር የሚሏትን ዕቃ በየቀኑ ይለዋውጣሉ፤ እምም። እናቴ ከማጀት "አባባ፣ አሁን አሻሽለውት ነው?" ትላለች፣ አንጀቷ ቅቤ እየጠጣ።

በመጨረሻ ጋሽ ከድር መጥተው አዩት። "እርስዎ ላም ባልዋለበት ኩበት ይለቅማሉ! መሬት የለውማ! ይሄ ቤት ሲሠራ የመሬት ሽቦ አልተዘረጋለት። መሬት ያጣ ኤሌክትሪክ ያጉረመርማል።" በማግስቱ ከሱቃቸው ረጅም የብረት ዘንግ ይዘው መጡ። ግቢያችን በሙሉ ሲሚንቶ ነው፤ አፈር ያለበት ቦታ ከእትዬ አስካለ መስኮት ሥር ያለችው ጠባብ መስመር ብቻ ናት። እዚያ ቀጥቅጠው ተከሉት፣ አናቱን በመዳብ ሽቦ ጠመጠሙትና ሽቦውን በመስኮታችን አስገብተው ከማሽኑ ጋር አገናኙት። እትዬ አስካለ የዚያን ሰዓት ገበያ ነበሩ።

እትዬ አስካለ ግድግዳ የምንጋራቸው ጎረቤታችን ናቸው፤ በርበሬ በረንዳ በርበሬ ይሸጣሉ። ማታ ሲገቡ ነጠላቸውን አራግፈው ሳይጨርሱ ግቢው በሙሉ ያስነጥሳል። ለፋሲካ ዳቦ ይልኩልናል፣ ለዒድ እንልክላቸዋለን። እኔን ሲያዩ "የኔ ቆንጆ!" ብለው ከረሜላ ነው፤ ከረሜላውም በርበሬ በርበሬ ይላል።

ብረቱ ተተከለ፤ እምምታው ትንሽ ቀነሰ እንጂ አልጠፋም። "አፈሩ ደርቆ ነው" አሉ አባባ። "ሰሚራ፣ በየጠዋቱ ውሃ አጠጪው።"

ያን ሰሞን ትምህርት ቤት ባቄላ በቆርቆሮ ተክለን ውሃ እያጠጣን ነበር። ታዲያ እኔ ምን ላስብ? በየማለዳው ጆጌን ይዤ ብረቱ ሥር ቁጢጥ እላለሁ፣ "ቢስሚላህ" ብዬ አፈሳለሁ፣ ከዚያ አባባ እኔን ሲመርቁ እንደሚሉት "እደግ፣ ተመንደግ" እለዋለሁ። በስንዝሬም እለካዋለሁ። አላህ ያሳያችሁ፣ አደገ! ውሃው አፈሩን እየሸረሸረ መሆኑ የገባኝ በኋላ ነው። "አባባ፣ ብረቱ አድጓል" ስላቸው ከሽቦአቸው ቀና ሳይሉ "ማሻአላህ" አሉኝ።

ብዙም ሳይቆይ እትዬ አስካለ "የኔ ቆንጆ" ማለት ተዉ። ሰላምታ ቀረ፣ ከረሜላ ቀረ። እኔን ሲያዩ ያማትባሉ። ሁለቱ የፊት ጥርሶቼ የወለቁት በዚያው ሰሞን ነበርና አስፈርቻቸው ነው ብዬ እሳቸው ባሉበት አፌን ገጥሜ መሄድ ጀመርኩ። ይሄ ደግሞ ለካ ባሰ፦ ልጅቷ ዝም ብላ በዓይኗ ብቻ ታየኛለች ይሉ ኖሯል።

ከዚያ አንድ ጠዋት ላጠጣ ስሄድ ብረቱ ዙሪያ ነጫጭ ነገር ተበትኗል። ብረቱ አበበ! አንዷን አበባ አንስቼ ቀመስኳት፤ ጨው ጨው አለችኝ። የብረት አበባ እንዲህ ነው የሚጣፍጠው ብዬ ዝም አልኩ። በየማለዳው እሱ ያብባል፣ እኔ አጠጣለሁ።

በሳምንቱ አባባ ማሽኑን ሲያበሩ ስፒከሩ ዝም አለ። ጭጭ። ጆሯቸውን ለጠፉበት፤ ምንም የለም። ያንን ሌላውን ካሴት አስገቡ፤ ዜማው ብቻውን ጥርት ብሎ ወጣ። በዋዜማው አንዲት ኮንደንሰር ለውጠው ስለነበር አሮጌዋን ለሰው ሁሉ እያሳዩ "ጥፋተኛዋ ይህቺ ነበረች!" እያሉ በግቢው ዞሩ። እናቴንም "ትሪሽ ተመረቀ" አሏት። ጋሽ ከድር ደግሞ አዲሷን ኮንደንሰር የሸጡት እሳቸው ስለሆኑ አልተቃወሙም።

እትዬ አስካለን የያዘቻቸው እናቴ ናት። ገና ጎህ ሲቀድ ለውዱእ ውሃ ልትቀዳ ብትወጣ፣ ነጠላ ተከናንበው፣ ከጣሳ ነጭ ነገር እየበተኑ፣ ከጠርሙስ ጠብ ጠብ እያደረጉ ከንፈራቸው ይንቀሳቀሳል። እናቴ ጆጉን ለቀቀችው።

"እትዬ አስካለ! ምንድነው ደጃችን ላይ የሚበትኑብን?"

"እኔ ብበትን ነው ወይስ እናንተ ብትቀብሩ?" አሉ እትዬ አስካለ፣ እንደማፈር እንኳ ሳይሉ። "በመዳብ የታሰረ ብረት ራስጌዬ ሥር ተክላችሁ በሕፃን ታስደግማላችሁ! እደግ ተመንደግ ትላለች እኮ፣ በጆሮዬ ነው የሰማሁት! ምኑ ነው የሚያድገው? ይኸው ጉልበቴ አይደል እንዴ የሚያድገው!" ብለው ቀሚሳቸውን ከፍ አድርገው ያበጠ ጉልበታቸውን አሳዩ።

ያልጠረጠረ ተመነጠረ ይባል የለ? እሳቸው የኛን መተት በጨውና በጸበል ሲያፈርሱ፣ እናቴ ደግሞ የሳቸውን መተት ያዝኩ ብላ ግቢውን በጩኸት ቀሰቀሰችው። ወይ ጉድ! ጎረቤቱ ሁለት ቦታ ተከፍሎ ዋለ።

ሽምግልና ተቀመጡ። ጋሽ ከድር መሐል ሆነው መጀመሪያ ራሳቸውን አጸዱ፦ "ብረቱን የሸጥኩት እኔ ነኝ። መተት ቢኖርበት ኖሮ ዋጋውን እጨምርበት ነበር።" አባባ ማሽኑን አውጥተው ሽቦውን ከአናት እስከ እግር አስረዱ። እትዬ አስካለ ሁሉንም ሰሙና "እሺ፣ ይሁን። ታዲያ ልጅቷ እደግ የምትለው ለምንድነው?" አሉ።

ሰው ሁሉ ዞሮ እኔን አየ።

"እንዲያድግ" አልኳቸው።

እትዬ አስካለ መጀመሪያ ፈገግ አሉ፣ ከዚያ ሳቁ፣ ከዚያ ነጠላቸው ወድቆ በርበሬው ሲቦን ሽማግሌዎቹ ሁሉ እያስነጠሱ ሳቁ። ተሳሳሙ። ውሳኔውም ይኸው ነበር፦ ብረቱ ይቆይ፤ ነገር ግን ለጎረቤት ዓይን ደስ አይልምና ከእንግዲህ ውሃም ጨውም አይፈስበትም። አባባ ቃል ሰጡ፣ እትዬ አስካለም ቃል ሰጡ። ከረሜላዬ ተመለሰ። ብረቴ ግን በየካቲት ፀሐይ ውሃ ጠማው።

እታለም የመጡት ከዚያ ወዲህ ነው። ሐኪሙ "ብዙ ተስፋ የለውም" ብሎ አሰናበታቸው፤ በማግስቱ በጠዋት አውቶቡስ ሊመለሱ ነው። አጠር ያሉ፣ እጃቸው ለስላሳ ሴት ነበሩ፤ ፊቴን በመዳፋቸው ዳሰው "ጥርሷስ?" አሉና ሳቁ። ከዐስር ሶላት በኋላ አባባ ጨርቁን ፈተው ካሴቱን አወጡ፣ እህታቸውን ስፒከሩ አጠገብ አስቀመጡ፣ ማሽኑን አበሩ።

"እምምምምምም።"

አባባ ደነገጡ። ኮንደንሰሯን ለወጡ፤ እምም። ሌላ ለወጡ፤ እምም። ግራ እጃቸውን ኪስ መክተቱን እንኳ ረስተዋል። ካሴቱ አንዴ ብቻ ነው የሚጫወተው፤ በዚህ እምምታ ላይ ቢያስገቡት የእናታቸው ድምፅ ሳይሰማ ሊያልቅ ነው።

"ተወው ሰይድ" አሉ እታለም። "እኔ እምዬን በሆዴ እሰማታለሁ።"

"እኔ ግን አልሰማትም" አሉ አባባ። "ረስቻታለሁ እታለም። ድምጿ እንዴት እንደነበር ረስቼዋለሁ።"

አለቀሱ። አባባ ሲያለቅሱ አይቼ አላውቅም ነበር። "አባባ፣ ብረቱ ጠውልጎ ነው እኮ" አልኳቸው። እናቴ "ዝም በይ!" አለችኝ። ዝም አላልኩም፤ ሮጬ ወጣሁ።

እትዬ አስካለ በርበሬ እየለቀሙ ነበር። "ብረታችን ጠወለገ" አልኳቸው። "እርስዎ ጨው ሲያበሉት ነበር ዝም ያለው። ካቆሙ ጀምሮ ይጮሃል።"

"ውይ! ሽማግሌ ፊት ቃል ሰጥቼ? ሂጂ ወደዚያ፣ ዳግመኛ ጣጣ ውስጥ አልገባም።"

"አባባ የእናታቸውን ድምፅ ረስተው እያለቀሱ ነው።"

የያዙትን በርበሬ አስቀመጡ። "ጋሽ ሰይድ?" አሉ። "እሳቸው አለቀሱ?" ነጠላቸውን ሰብሰብ አድርገው "እኔስ የእናቴ ድምፅ መቼ ተቀርጾ ቀረልኝ" አሉ። ከዚያ የጨው ጣሳቸውን ብብታቸው ሥር አድርገው፣ ባልዲ አንጠልጥለው፣ በዚያ ባበጠ ጉልበት እያነከሱ ወጡ።

ጨዉን በእፍኝ ሳይሆን በጣሳው ገለበጡት። ውሃውን ደፉበት። ከዚያ ከጡታቸው ሥር ያችን ጠርሙስ አውጥተው "ይቺ ደግሞ ለእናትየው" ብለው ጠብ ጠብ አደረጉ። እኔ ከልማዴ "ቢስሚላህ" አልኩ። አፈሩ ውሃውን ሲጠጣው ከቤት ውስጥ የሚመጣው እምምታ ቀጠነ፣ ቀጠነ፣ ጠፋ።

"በቃ ወይስ ልጨምር?" ብለው ጮሁ እትዬ አስካለ በመስኮቱ።

ከዚያ አባባ ጭንቅላታቸውን በመስኮቱ አወጡ። ብረቱን አዩ፣ ጣሳውን አዩ፣ እኔን አዩ። ያቺን ለግቢው ሁሉ ያሳዩአትን ኮንደንሰር ያሰቡ ይመስለኛል፤ ለካ ኤሌክትሪኩን ከመሬት ያስማማው ጨው የጠጣው አፈር ኖሯል።

"ጨምሪ አስካለ!" አሉ። "እጅሽ ይባረክ፣ ጨምሪ!"

ካሴቱ ሲገባ ሁላችንም ቤት ውስጥ ነን፤ እትዬ አስካለ ደፍ ላይ ባዶ ጣሳቸውን ታቅፈዋል። መጀመሪያ የመጋረጃ ኮሽታ ተሰማ። ከዚያ ቀጭን፣ የማይቸኩል፣ ትንሽ ጎርነን ያለ የሴት ድምፅ ዜማውን ጀመረ። ከዚያች ሁለት ዋት ውስጥ ትንፋሻቸው ሳይቀር ይሰማል። የእታለም ከንፈር አብሮ ይንቀሳቀሳል። አባባ አፋቸውን ከፍተው ቀሩ። ትንሽ ከፍ ላድርገው ብለው ነው መሰለኝ፣ ቀስ ብለው እጃቸውን ወደ ማዞሪያው ዘረጉ።

ዜማው ቀጥ አለ። ከመጋረጃው ጀርባ፣ በንዴት፣ ጥርት ባለ ወሎኛ፦

"ሰይድ! እጅህን ሰብስብ አላልኩህም? ነካክተህ ልታበላሸው ነው እኮ!"

አባባ እጃቸውን ሲመልሱ እሳት የነካቸው ነው የሚመስሉት። ሁለቱንም ጀርባቸው ላይ ወስደው ቆላለፉ። ያን ዓመት ሙሉ የወረደብኝ ቁጣ ከማን እንደተወረሰ ያኔ አወቅሁ።

"አሁንም እየነካ ነው፣ እምዬ!" አሉ እታለም፤ እንባቸው ጉንጫቸው ላይ እየወረደ ሳቃቸው ወገባቸውን አጎበጠው። "ይሄው ሸብቶም እየነካ ነው!"

ዜማው ቀጠለ። ማንም አላስነጠሰም። መጨረሻው ላይ ድምፁ ምርቃት ሲጀምር ማጫወቻው ውስጥ አንዲት ነገር ጠቅ አለችና ክሩ ተበጠሰ። ቤቱ ጸጥ አለ፤ እምምታ እንኳ የለም።

አባባ ሁለት እጆቻቸውን ከጀርባቸው አውጥተው፣ መዳፋቸውን ገልብጠው ለስፒከሩ አሳዩት።

"እኔ አልነካሁትም፣ እምዬ!" አሉ። "ወላሂ አልነካሁትም!"